ዳርክ ሞድ ዓይናችንን በእርግጥ ያሳርፋል?
በቪዲዮ ለሚያጠኑ ተማሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት



ፋይናል ሲቃረብ የዶርም መብራት ከጠፋ በኋላ ከየአልጋው ላይ የስልክ ብርሃን ይታያል። አንዱ ካልኩለስ በዩቲዩብ ይከልሳል፤ አንዱ የሰርኪዩት ሌክቸር ያያል፤ ሌላው ያመለጠውን ደርስ ይከታተላል። ጠዋት ላይ ግን ዓይኑ የቀላ፣ ግንባሩን የሚያመው፣ ቦርዱ ላይ የተጻፈው የሚደበዝዝበት ብዙ ነው። ለዚህ እርስ በርሳችን የምንሰጠው መድኃኒት አንድ ነው፦ «ዳርክ ሞድ አድርገው»።

ምክሩ ስህተት ነው ማለት አይቻልም፤ ግን ጎደሎ ነው። ጎደሎነቱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ዳርክ ሞድ ያበራ ተማሪ «ዓይኔን ጠብቄያለሁ» ብሎ በጨለማ ውስጥ ሁለት ሰዓት ይጨምራል። መነጽር የሚያስፈልገው ተማሪ ደግሞ ችግሩን የስክሪኑ ቀለም ላይ ጥሎ ምርመራውን ወደሚቀጥለው ሴሚስተር ያስተላልፋል። ሰውነታችን በእኛ ላይ ሐቅ እንዳለው ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ ዓይን ደግሞ ኪታብም ሀንድአውትም የምናነብበት ትልቅ ኒዕማ ነው። ስለዚህ ዳርክ ሞድ የሚሠራውንና የማይሠራውን ለይተን እንወቅ።

1. ዓይን በስክሪን ፊት የሚደክመው ለምንድን ነው?

ምክንያቶቹ ብዙ ቢሆኑም ሦስቱን መያዝ ይበቃናል።

አንደኛው የዓይን መድረቅ ነው። ዓይናችንን ባርገበገብን ቁጥር ስስ የእንባ ሽፋን በዓይናችን ላይ ይታደሳል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሁለት ጃፓናውያን ሐኪሞች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ባወጡት ጽሑፍ የቢሮ ሠራተኞችን ዓይን ማርገብገብ ቆጥረው ነበር። ሰዎቹ ዘና ብለው ሲቀመጡ በደቂቃ በአማካይ 22 ጊዜ ያርገበግባሉ። መጽሐፍ ሲያነቡ ቁጥሩ ወደ 10 ይወርዳል። የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያለ ጽሑፍ ሲያዩ ደግሞ 7 ብቻ ይሆናል። ዓይናችን አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁረን፣ የሚያቃጥለንና የሚቀላው በአብዛኛው በዚህ የተነሳ ነው።

ሁለተኛው የርቀት ጉዳይ ነው። ቅርብ ያለን ነገር ለማየት በዓይናችን ውስጥ ያለው ትንሽ ጡንቻ ሌንሱን ማወፈር አለበት። የሥራው መጠን በዳዮፕተር ይለካል፤ ሒሳቡም 1ን በሜትር በተለካው ርቀት ማካፈል ብቻ ነው። 6 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ነገር 0.17 ዳዮፕተር ብቻ ይጠይቃል። 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ላፕቶፕ ወደ 1.7 ይጠይቃል። አልጋ ላይ ተኝተን ፊታችን ላይ በ20 ሴንቲ ሜትር የምንይዘው ስልክ ግን 5 ዳዮፕተር ይፈልጋል። ይህም የላፕቶፑን ሦስት እጥፍ ነው። ያን ጡንቻ ለሁለት ሰዓት ያለ ዕረፍት ማሠራት፣ ባልዲ ውኃ አንስቶ ሳያስቀምጡ እንደ መቆም ነው።

ሦስተኛው የብርሃን ልዩነት ነው። የዓይናችን ብሌን በደማቅ ብርሃን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠብባል፤ በጨለማ ደግሞ በወጣት ሰው ላይ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ሬቲናችንም ከጨለማ ጋር ራሱን ያላምዳል፤ ሙሉ በሙሉ ለመላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል። ጨለማ የለመደ ዓይን ላይ በድንገት ነጭ ገጽ ሲበራበት የሚሰማን መውጋት ከዚህ ይመጣል።

ይህን ሦስተኛውን ጉዳይ ከእኛ በፊት በጥልቀት ያየው ሰው አለ። በበስራ በ965 ገደማ የተወለደውና በካይሮ በ1040 ገደማ ያረፈው አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሰም፣ ኪታቡል መናዚር በተባለው ሥራው ማየት የሚሆነው ከዓይን በሚወጣ ጨረር ነው የሚለውን የጥንት ግሪኮች አመለካከት ተቃውሟል። የሚያየው ዓይን ብርሃን ተቀባይ ነው ሲል ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ለእኛ ርዕስ ቅርብ ነው። ዓይን ብርቱ ብርሃንን ትኩር ብሎ ሲያይ ይታመማል፤ ከዚያም ወደ ጨለማ ቦታ ሲዞር የብርሃኑ ስሜት ለጥቂት ጊዜ ይቀራል። ብርሃን ወደ ዓይን ገብቶ ሥራ ባይሠራ ኖሮ ይህ ሕመም ባልኖረ ነበር። ሌሊት ስልካችንን አጥፍተን ኮርኒሱን ስናይ የምናገኘው የስክሪን ቅርጽ ከዚሁ ዓይነት ነው።

2. ዳርክ ሞድ ምን ይሠራል?

ዳርክ ሞድ የገጹን ዳራ ከነጭ ወደ ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ፣ ጽሑፉን ደግሞ ወደ ነጣ ያለ ቀለም ይቀይራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የቀድሞዎቹ የኮምፒውተር ተርሚናሎች በጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል ነበር የሚያሳዩት። ወረቀት መስሎ ነጭ ዳራ ላይ መጻፍ በኋላ የመጣ ነው። ዩቲዩብ ዳርክ ቲምን በኮምፒውተር ላይ በ2017፣ በስልክ ላይ ደግሞ በ2018 አምጥቷል። ስልኩን በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚያጨልመው ማስተካከያ በአንድሮይድ 10 እና በአይኦኤስ 13 በ2019 ገባ።

ከቁጥሩ ስንነሳ፣ ጎግል ለአፕሊኬሽን ሠሪዎች የመከረው ጥቁር ግራጫ ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ 18 ላይ ነው። 18 ለ255 ሲካፈል 7 በመቶ ይመስላል። ነገር ግን የስክሪን ቁጥርና የብርሃን መጠን በቀጥታ መስመር ስለማይሄዱ በእውነት የሚወጣው ብርሃን ከነጩ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በጨለማ ክፍል ውስጥ የቪዲዮ ዝርዝር፣ ኮሜንትና የፍለጋ ውጤት ስንመለከት ወደ ዓይናችን የሚገባው ብርሃን በእጅጉ ይቀንሳል። ያ የሚወጋ ስሜትም ይቀንሳል። አጠገባችን የተኛው ወንድማችንም ፊቱ ላይ መብራት አይበራበትም፤ ይህ ደግሞ የጎረቤት ሐቅ ነው።

የባትሪውን ጉዳይም እግረ መንገዳችንን እንጥቀስ። ስክሪኑ ኦሌድ ከሆነ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን ስለሚሰጥ ጥቁሩ ኃይል ይቆጥባል። ኤልሲዲ ከሆነ ግን ከኋላ ያለው መብራት ገጹ ጥቁርም ሆነ ነጭ ይበራል፤ ቁጠባው ከቁጥር አይገባም። በ2021 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዩቲዩብን ጨምሮ ስድስት የጎግል አፕሊኬሽኖችን በኦሌድ ስልኮች ላይ ለክተዋል። ብራይትነስ ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲሆን ቁጠባው በአማካይ ከ3 እስከ 9 በመቶ ነው። ብራይትነስ 100 በመቶ ሲሆን ደግሞ ከ39 እስከ 47 በመቶ ይደርሳል። ክፍል ውስጥ ብራይትነስ ዝቅ አድርጎ ለሚጠቀም ተማሪ ልዩነቱ ትንሽ ነው ማለት ነው።

3. ዳርክ ሞድ የማይሠራው ምንድን ነው?

ሀ. ቪዲዮውን አይለውጥም። ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ይህንን ነው። ዳርክ ሞድ የሚያጨልመው በቪዲዮው ዙሪያ ያለውን ገጽ ብቻ ነው። መምህሩ በነጭ ስላይድ የሚያስተምር ከሆነ ስላይዱ ነጭ ሆኖ ይቀጥላል። ቪዲዮውን ፉል ስክሪን ካደረግን ደግሞ ገጹ ከናካቴው ስለማይታይ ዳርክ ሞድ በራ አልበራ ለውጥ የለውም። በአንጻሩ የካን አካዳሚ ቪዲዮዎች ቀድሞውንም በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀለም የተጻፉ ናቸው፤ እነሱን ፉል ስክሪን ማድረግ በራሱ ዳርክ ሞድ ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ለሚያይ ሰው ዋናው መቆጣጠሪያ የገጹ ቀለም ሳይሆን ብራይትነሱ ነው።

ለ. ዓይን ማርገብገብንና ርቀትን አይነካም። ከላይ ካየናቸው ሦስት ምክንያቶች ዳርክ ሞድ የሚያግዘው ሦስተኛውን ብቻ ነው። በ20 ሴንቲ ሜትር የተያዘ ስልክ ጥቁርም ሆነ ነጭ ያው 5 ዳዮፕተር ይጠይቃል።

ሐ. ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ ብዙ ጊዜ አይመረጥም። በ2013 በጀርመን የዱሰልዶርፍ ተመራማሪዎች ወጣቶችንም አረጋውያንንም ፈትነው በነጭ ዳራ ላይ ያለ ጥቁር ጽሑፍ ለሁለቱም ወገን በተሻለ እንደሚታይ አግኝተዋል። ምክንያቱን ከብሌን ጋር ማያያዝ ይቻላል። ዳራው ብሩህ ሲሆን ብሌን ይጠብባል፤ በጠባብ ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን ደግሞ የጠራ ምስል ይሰጣል። ዳራው ሲጨልም ብሌን ይሰፋል፤ የሌንሱ ጉድለቶችም አብረው ይታያሉ። ስለዚህ ቀን ላይ፣ መብራት ባለበት ላይብረሪ ውስጥ ፒዲኤፍ የምናነብ ከሆነ ነጩን መተው አያስፈልግም።

መ. አስቲግማቲዝም ላለበት ሰው ሊያስቸግር ይችላል። የዓይኑ የፊት ሽፋን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያልተጠማዘዘ ሰው፣ በጥቁር ዳራ ላይ ያለ ነጭ ፊደል ዳር ዳሩ ተበትኖ፣ ጭጋግ የለበሰ መስሎ ሊታየው ይችላል። ዳርክ ሞድ ስታበሩ ፊደሉ «የሚፈስ» ከመሰላችሁ ራሳችሁን አታስገድዱ፤ ወደ ነጩ ተመልሳችሁ ብራይትነሱን ቀንሱ። ይህ ስሜት ከቆየ ግን ለመመርመር ጥሩ ምክንያት ነው።

ሠ. እንቅልፍን አይተካም። በ2015 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ከመኝታ በፊት ለሰዓታት ብርሃን በሚሰጥ ታብሌት ላይ ያነበቡ ሰዎች የወረቀት መጽሐፍ ካነበቡበት ምሽት ይልቅ የእንቅልፍ ሆርሞናቸው (ሜላቶኒን) ቀንሶ ተገኝቷል። እንቅልፍ ሲወስዳቸውም ወደ 10 ደቂቃ ገደማ ዘግይቷል፤ በማግስቱ ጠዋትም ድብታ ነበራቸው። ዳርክ ሞድ ብርሃኑን ሊቀንስ ይችላል፤ ቪዲዮው ራሱ አንዱን ጨርሶ ሌላውን እንድናስከትል የሚያደርገንን ግን አይቀንስም። ለሱብሂ መነሳት የሚከብደን በስክሪኑ ቀለም የተነሳ ሳይሆን በተኛንበት ሰዓት የተነሳ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰማያዊ ብርሃን መነጽርም አንድ ቃል። በገበያ ላይ ለዓይን ድካም ተብሎ ይሸጣል። በ2023 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 17 ጥናቶችን መርምሮ፣ እነዚህ መነጽሮች ከተራ መነጽር ጋር ሲነጻጸሩ በአጭር ጊዜ የዓይን ድካምን ላይቀንሱ እንደሚችሉ ደምድሟል። የተማሪ ገንዘብ ካላችሁ ለዓይን ምርመራ አውሉት።

4. እንዴት እናስተካክለው?

በኮምፒውተር፦ ዩቲዩብን ክፈቱና ከላይ በስተቀኝ ያለውን የመለያ ምስላችሁን ተጫኑ። «አፒራንስ» የሚለውን መርጣችሁ «ዳርክ ቲም» በሉ። አካውንት ካልከፈታችሁ ሦስቱን ነጥቦች ተጫኑ፤ ያው ምርጫ አለ። ልብ በሉ፣ ይህ ምርጫ የሚቀመጠው በዚያው ብራውዘር ላይ ብቻ ነው። የላይብረሪ ኮምፒውተር ስትቀይሩ እንደገና ማድረግ ይኖርባችኋል።

በስልክ፦ በዩቲዩብ ሴቲንግ ውስጥ «አፒራንስ» የሚለውን ፈልጋችሁ ዳርክ ቲምን ምረጡ። የተሻለው ግን «ዲቫይስ ቲም» የሚለውን መርጦ፣ ስልኩ ራሱ ሲመሽ እንዲጨልም፣ ሲነጋ እንዲነጣ በሰዓት ማስተካከል ነው። ቀን ለጽሑፍ ነጩን፣ ሌሊት ለቪዲዮ ጥቁሩን ያለ ድካም ታገኛላችሁ።

በዊንዶውስ 10 እና 11፦ ሴቲንግ፣ ከዚያ ፐርሰናላይዜሽን፣ ከዚያ ከለርስ ውስጥ ዳርክን ምረጡ።

ብራይትነሱ ዝቅ ብሎም ከበዛባችሁ፦ አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ባላቸው ብዙ ስልኮች ላይ «ኤክስትራ ዲም»፣ በአይፎን ላይ ደግሞ «ሪዱስ ዋይት ፖይንት» የሚል አለ። እነዚህ ከዳርክ ሞድ የሚለዩት ቪዲዮውንም ጭምር ስለሚያደበዝዙ ነው። ነጭ ስላይድ ያለበትን ሌክቸር ሌሊት ለሚያይ ሰው ትክክለኛው መፍትሔ ይኸው ነው።

5. ከዳርክ ሞድ በላይ የሚጠቅሙ ልማዶች

ክፍሉን ፈጽሞ አታጨልሙ። ዓይንን የሚያደክመው የስክሪኑ ብርሃን ብቻ ሳይሆን በስክሪኑና በአካባቢው መካከል ያለው ልዩነት ነው። የዶርም መብራት ከጠፋ ትንሽ የጠረጴዛ መብራት ከስክሪኑ ኋላ ወደ ግድግዳ አዙራችሁ አብሩ። ግድግዳው ለስለስ ያለ ብርሃን ይመልሳል፤ የተኛውንም አይረብሽም። ሌላ የተኛ ሰው ካለና መብራት ማብራት ካልተቻለ ወደ ንባብ ክፍል መሄድ ይሻላል።

በነጭ ወረቀት ፈትኑ። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ያዙ። ነጩ ገጽ እንደ አምፖል የሚያበራ ከመሰለ ብራይትነሱ በዝቷል። ግራጫ ሆኖ ከደበዘዘ ደግሞ አንሷል። ሁለቱ ሲቀራረቡ ልኩ ያ ነው።

አርቁት። ስልኩን ቢያንስ በ40 ሴንቲ ሜትር ያዙ፤ ወደ 2.5 ዳዮፕተር ይወርዳል፣ ማለትም የ20 ሴንቲ ሜትሩ ግማሽ። ፊደሉ ካነሰባችሁ ፊደሉን አሳድጉ እንጂ ስልኩን አታቅርቡ። ተኝቶ ከማየት ይልቅ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ቁጭ ብሎ ማየት ይህን በራሱ ያስተካክላል።

የ20-20-20 ደንብን ያዙ። በየ20 ደቂቃው፣ 20 ጫማ ማለትም 6 ሜትር ገደማ ርቀት ያለውን ነገር፣ ለ20 ሰከንድ ተመልከቱ። ዓይናችሁንም ደጋግማችሁ በቀስታ ጨፍኑ። አንድ ቪዲዮ ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ እንዳይጀምር አውቶፕሌይን አጥፉና ተነስታችሁ በመስኮት ተመልከቱ።

ማየት የማያስፈልገውን አድምጡ። ደርስ በአብዛኛው የሚደመጥ ነው። የሰሌዳ ሥራ ከሌለው በድምፅ አውርዳችሁ ስልኩን በፊቱ አስተኙት። በቀን ለስሌት የደከመ ዓይን ቢያንስ ያን አንድ ሰዓት ያርፋል።

6. ወደ ሐኪም መሄድ ያለብን መቼ ነው?

እነዚህን ሁሉ ለሁለት ሳምንት አድርጋችሁ ራስ ምታቱ ካልተወ፣ ቦርዱን ለማየት ዓይናችሁን የምታጠቡ ከሆነ፣ ከጓደኞቻችሁ ቀድማችሁ የፊት ወንበር የምትፈልጉ ከሆነ፣ ችግሩ ከስክሪኑ ቀለም ሳይሆን ከእይታው ነው። ምርመራው አያምም፤ ረጅም ጊዜም አይፈጅም። ብዙውን ጊዜ መፍትሔው አንድ መነጽር ብቻ ነው። መነጽር ማድረግ ዓይንን ያሰንፋል የሚባለው ወሬም እውነት አይደለም። ያላየውን ቀመር በግምት እየገለበጠ ሴሚስተሩን የሚጨርስ ተማሪ የሚያጣው ነጥብ ብቻ ሳይሆን በራሱ ችሎታ ላይ ያለውን እምነትም ነው።

ከዚህ የተለየ አስቸኳይ ምልክትም አለ። ድንገተኛ የእይታ መቀነስ፣ በዓይን ውስጥ ድንገት የሚበዙ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም የብርሃን ብልጭታ፣ ከብርቱ ሕመም ጋር የቀላ ዓይን ከታየ የ20-20-20 ደንብ ቦታው አይደለም። በዚያው ቀን የዓይን ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ዳርክ ሞድ ጠቃሚ ነው፤ ቦታው ግን ውስን ነው። በጨለማ ውስጥ ገጽ ስናገላብጥ መውጋቱን ይቀንሳል። ቪዲዮውን፣ ርቀቱን፣ ዓይን ማርገብገብንና የእንቅልፍ ሰዓትን አይነካም። እነዚያ በእኛ እጅ ናቸው። ዛሬ ማታ ከማጥናታችሁ በፊት ሦስት ነገር ብቻ አድርጉ፦ ብራይትነሱን በወረቀት ለኩ፣ ስልኩን ከፊታችሁ አርቁ፣ የምትተኙበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ወስኑ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ስልክን ከ25 ሴንቲ ሜትር ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ብናርቅ በዓይን ላይ ያለው ሥራ በስንት ዳዮፕተር ይቀንሳል?
ለ. ነጭ ስላይድ ያለበት ቪዲዮ ፉል ስክሪን ሲሆን ዳርክ ሞድ ለምን አያግዝም? ምንስ ያግዛል?
ሐ. ኤልሲዲ ስክሪን ያለው ላፕቶፕ በዳርክ ሞድ ባትሪ የማይቆጥበው ለምንድን ነው?
መ. በዶርማችሁ ውስጥ የሚተኛውንም የሚያጠናውንም የማይጎዳ የመብራት ስምምነት እንዴት ማድረግ ይቻላል? ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

አላህ ዓይናችንን ይጠብቅልን፣ የምናየውንም የሚጠቅመን ያድርግልን። ለፈተናችሁ መልካም ዝግጅት።